ዛሬ በሐበሻ ስንት ነው?

በውጭ አገር ባሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ወይም ከበሩ ኋላ፣ የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ከሐበሻ ሱቅ በስጦታ የመጣ ነው። በላዩ ላይ የላሊበላ ወይም የፋሲል ግንብ ፎቶግራፍ አለበት። ከዚያ ውጭ ብዙም የሚያየው ሰው የለም። ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሐኪም ቀጠሮው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነውና።

በእኛ ቤት ግን ይህ ወረቀት ሥራ አለው። ምን እንደምንጋግር፣ የትኛውን ታሪክ እንደምናወራ፣ ልጆቹ ምን እንደሚስሉ የሚነግረን እሱ ነው። አማርኛ እየተማራችሁ ከሆነ፣ ወይም ልጆቻችሁን ለማስተማር እየሞከራችሁ ከሆነ፣ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ስለዚህ እንዴት እንደምንጠቀምበት ላጫውታችሁ።

ለምን ጀመርነው?

እኔ ሁለተኛ ትውልድ ነኝ። የተወለድኩትም ያደግኩትም ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አማርኛዬ የወጥ ቤት አማርኛ ነው፤ ከእናቴ ጎን ቆሜ ሽንኩርት ስልጥ የተማርኩት። አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 11 ዓመቱ ነው፤ ሴቷ 8 ዓመቷ ነው።

እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ልጆቹ «እማማ» ነው የሚሏት። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሟ የመርሳት በሽታ እንደጀመራት ነገረን። መጀመሪያ የጠፉት የቅርብ ነገሮች ነበሩ፤ ምሳ መብላቷ፣ ቁልፉን ያስቀመጠችበት ቦታ። ቀጥሎ እንግሊዝኛዋ መድከም ጀመረ። ለ26 ዓመት ሥራ የሠራችበት ቋንቋ ነው። ሐኪሙ ይህ ሁለት ቋንቋ በሚናገሩ ብዙ ሰዎች ላይ እንደሚታይ አስረዳን። ዘግይተው የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደክማል፤ በልጅነት የተማሩት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰብን። ልጆቻችን ከአያታቸው ጋር የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛቸው «ሰላም»፣ «እሺ» እና «በቃኝ» ብቻ ነበር። እሷ ወደ አማርኛ እየተመለሰች ነው። እነሱ እዚያ ካልጠበቋት ማንን ታገኛለች?

ፊደል የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ አወረድን። ቅዳሜ ቅዳሜም ወደ አማርኛ ትምህርት ላክናቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ልጆቹ ማንበብ ጀመሩ። ግን ማንበብ የቻለ ልጅ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራው ነገር ካጣ ዝም ይላል። ለንግግር ቃል ብቻ ሳይሆን ጉዳይ ያስፈልጋል። ጉዳዩን ያገኘነው ከግድግዳው ላይ ነው። እማማ ምሳ መብላቷን ብትረሳም፣ ቡሄ ነሐሴ 13 መሆኑን አትረሳም። በየጠዋቱ «ዛሬ በሐበሻ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አሁን መልሱን የሚሰጧት ልጆቹ ናቸው።

አሥራ ሦስት ወር፣ አንድ ደንብ

የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወሮች እንዳሉት ታውቃላችሁ። አሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው። አሥራ ሦስተኛዋ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ አላት፤ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች። ለልጆች ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 ነው ብሎ ማስታወስ የለም።

ደንባችን አንድ ነው፦ በወር አንድ ታሪክ፣ አንድ ምግብ፣ አንድ በእጅ የሚሠራ ነገር። ከዚያ አይበልጥም። ሁሉንም ባህል በአንድ ጊዜ ለመያዝ የሚሞክር ቤተሰብ ቶሎ ይደክመዋል። ሁለታችንም ሥራ አለን፤ ልጆቹም እግር ኳስና የቤት ሥራ አለባቸው። በወር አንድ ጊዜ ግን ሁላችንም እንችላለን። ቀኑ በሥራ ቀን ከዋለ ወደ እሑድ እናሻግረዋለን። ከአሥራ ሦስቱ ወሮች አራቱን ላሳያችሁ።

መስከረም፦ ሥዕል የሚሰጥበት ወር

አዲሱ ዓመት መስከረም 1 ቀን ይገባል። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ጊዜ ግን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል።

እማማ ያደገችው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ይህ አበባየሆሽ ይባላል። ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ መልአክ፣ አበባ ወይም ፀሐይ ይስላሉ። ሥዕሉን ለጎረቤት ይሰጣሉ። ጎረቤቱም ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ሰፈር ያሉ ልጆች ሁሉ ለአንድ ቀን ሠዓሊ ይሆናሉ፤ በየቤቱም ግድግዳ ላይ አዲስ ሥዕል ይለጠፋል።

በእኛ ቤት ሁለቱም ልጆች ይስላሉ። ከዚያ በምንኖርበት ሕንጻ ውስጥ በር እያንኳኩ ሥዕሉን ይሰጣሉ። ከታች የምትኖር የኤልሳልቫዶር ተወላጅ ጎረቤት አለችን። መጀመሪያ ግራ ገባት፤ አሁን ግን በየዓመቱ ሥዕሏን ትጠብቃለች። ከሥዕሉ ጋር የሚሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እንኳን አደረሰዎት!» ልጆቹ ይህን ለማንም ሰው በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ከዚያ ትርጉሙን ያስረዳሉ።

አበባውስ? አደይ አበባ የኢትዮጵያ ነው። ነገር ግን የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑ ቢጫ አበቦች እዚህ ሜሪላንድም በመንገድ ዳር በሴፕቴምበር ይፈካሉ። ልጆቹ ይቀጥፉና ለእማማ ያመጡላታል። የወሩ ምግብ ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ እኔ ቡና አፈላለሁ፣ እነሱ ፈንዲሻ ያፈነዳሉ። እማማ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያየች ትመርቃቸዋለች። «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ስትላቸው «አሜን» ማለት እንዳለባቸው ማንም አላስተማራቸውም፤ ከእሷ ፊት ላይ አነበቡት።

ኅዳር፦ ቤት የሚጸዳበት ወር

ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ሰው ግቢውን ይጠርጋል፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፣ ከተማው በጭስ ይሞላል። ብዙ ልጆች ጭሱን ያውቃሉ፤ ታሪኩን ግን አያውቁም።

ታሪኩ ይህ ነው። በ1918 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። ወደ ኢትዮጵያም ገባ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1911 ነበር፤ ስለዚህ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ሞተ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የሆኑት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፤ ግን ዳኑ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

እኛ አፓርታማ ውስጥ ስለምንኖር እሳት አናነድም። በምትኩ እያንዳንዱ ሰው አንድ መሳቢያ ያጸዳል። የተሰበረ እርሳስ፣ ያረጀ ደረሰኝ፣ ጓደኛውን ያጣ ካልሲ፣ ሁሉም ይወጣል። ከዚያ ከሰል ሳንጠቀም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ትንሽ ዕጣን እናጨሳለን። የወሩ ምግብ ሽሮ ነው፤ ቤት ሲያጸዳ የዋለ ሰው ቶሎ የሚደርስ ምግብ ይፈልጋል።

ባለፈው ዓመት ልጄ መሳቢያውን እያጸዳ ሳለ እማማን ጠየቃት። «እማማ፣ የኅዳር በሽታን አይተዋል?» አላት። እሷም ሳቀች። «እኔ መቼ ተወለድኩና! አያቴ ናት ያየችው» አለች። ከዚያ እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወራችለት። አያቷ ያኔ ልጅ ነበረች። በቤታቸው ያለው ሰው ሁሉ ታሞ ተኝቶ ነበር። አንዲት ጎረቤት በየጠዋቱ ውሃ በእንስራ አምጥታ በራቸው ላይ አስቀምጣ ትሄድ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን አትገባም። አያቷ ያቺን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «ውሃ ያጠጣችን» እያለች ታነሳት ነበር።

ልጄ ጥቂት ቃላት አልገቡትም። «እንስራ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እማማ በእጇ ቅርጹን በአየር ላይ ሠርታ አሳየችው። ያን ሁሉ ያወሩት በአማርኛ ነው። ያ ታሪክ አሁን በእሱ ውስጥ አለ። ቀኑን ባንጠብቅ፣ እሱም በአማርኛ ባይጠይቃት ኖሮ፣ ከእሷ ጋር ይሄድ ነበር።

የካቲት፦ ዓይን የሚቆጠርበት ወር

የካቲት 23 የዓድዋ ድል በዓል ነው። ጦርነቱ የተካሄደው በ1888 ነው። እዚህ ላይ ልጄ ጥሩ ጥያቄ ጠይቆኛል። «በመጽሐፉ ላይ ማርች 1፣ 1896 ይላል። እኛ ግን የምናከብረው ማርች 2 ነው። ለምን?» መልሱ የካቲት 23 አልተቀየረም የሚል ነው። ፈረንጆች 1900 ዓመተ ምሕረት ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ የምንጨምራትን ቀን አልዘለልንም። ስለዚህ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ጨመረ።

የዚህ ወር የእጅ ሥራ ሥዕል ማየት ነው። ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የዓድዋን ጦርነት ብዙ ጊዜ ስለውታል። አንዱ ሥዕል ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። እነዚህን ሥዕሎች በኢንተርኔት ፈልጋችሁ ክፈቱና ከልጆች ጋር ዓይን ቁጠሩ። በድሮው የኢትዮጵያ አሣሣል ጥሩ ሰው ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ይታያል። ጠላት ግን በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ባንዲራውን ሳታዩ ማን የማን ወገን እንደሆነ ትለያላችሁ። ከላይ በነጭ ፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ጦርነቱ የዋለው በእሱ ቀን ነበር። እቴጌ ጣይቱንም ፈልጓቸው። መቀሌ ላይ ጠላት የሚጠጣበት የውሃ ምንጭ እንዲያዝ በማድረግ ይታወቃሉ።

ምግቡ በሶ ነው። ወደ ዓድዋ የሄደው ሰው ለወራት በእግሩ ተጉዟል። መንገድ ላይ የማይበላሽ ስንቅ ያስፈልገው ነበር፤ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ። ብዙ ሴቶችም ከጦሩ ጋር አብረው ዘምተው ይፈጩ፣ ይጋግሩ፣ ቁስለኛ ያስታምሙ ነበር። ልጆች ይህን ሲሰሙ ድሉ የጠመንጃ ብቻ ሳይሆን የወጥ ቤትም ሥራ እንደነበር ይገባቸዋል።

በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ በሐበሻ ሱቅ ይገኛል። እሳት ስለማያስፈልገው ልጆች ብቻቸውን ሊሠሩት ይችላሉ። 2 ኩባያ በሶ፣ ትንሽ ጨው እና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀላቅሉ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ትንሽ በትንሽ ጨምሩ፤ ግማሽ ኩባያ ያህል ይበቃል። በእጃችሁ ስትጨብጡት ሳይፈርስ ከቆመ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ የተጨበጠው በሶ ጭብጦ ይባላል። በዓሉ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል እኛ በዘይት እንሠራዋለን፤ በሌላ ጊዜ በቅቤና በማር ሞክሩት።

ነሐሴ፦ በር የሚንኳኳበት ወር

ነሐሴ 13፣ በፈረንጆች ኦገስት 19፣ ቡሄ ነው። በአገር ቤት ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው መሬቱን እየመቱ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። የቤቱ ባለቤት ሙልሙል የሚባል ትንሽ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ጅራፍ ይጮኻል፤ ማታ ችቦ ይበራል።

ሙልሙል ለመጋገር 4 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ እና 1 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ። አቡኩትና ሸፍናችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ኩፍ ሲል በ8 ከፋፍላችሁ አድቦልቡሉት። በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካ ምድጃ በ400 ገደማ፣ ለ25 ደቂቃ ያህል ጋግሩት።

ሁለት የሐበሻ ቤተሰቦች በአቅራቢያችን አሉ። ልጆቹ ተሰብስበው በየቤታችን ይዞራሉ። ሴት ልጄ እሷም ትጨፍራለች፤ እማማ «በእኛ ጊዜ የወንዶች ነበር» ብላ ትስቃለች፣ ግን ሙልሙሉን ለእሷ ነው ቀድማ የምትሰጣት።

ወጥ ቤት የሚያስተምረው ሰዋስው

ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ትእዛዝ ስንሰጥ ግሡ እንደሚታዘዘው ሰው ይቀያየራል። በመጽሐፍ ሲታይ ይከብዳል። ዱቄት በእጃችሁ ላይ ሲሆን ግን ይቀላል፦

ለወንድም፦ ቅመስ። አቡካ። ጋግር።
ለእህት፦ ቅመሺ። አቡኪ። ጋግሪ።
ለሁለቱም፦ ቅመሱ። አቡኩ። ጋግሩ።
ለአያት፦ ይቅመሱ። ያቡኩ። ይጋግሩ።

ልጆቼ «አንቺ» እና «እርስዎ» መካከል ያለውን ልዩነት የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ሴት ልጄ ጭብጦውን ይዛ «እማማ፣ ይቅመሱ» ስትል፣ እማማ «እደጊልኝ» ትላታለች። አክብሮት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ምን አገኘን? ምንስ አላገኘንም?

እውነቱን ልንገራችሁ። የቀን መቁጠሪያው እናቴን አላዳነም። በሽታው ይሄዳል። አንዳንድ ቀን በዓሉን ሁሉ ቁጭ ብላ በዝምታ ታሳልፋለች። አንዳንዴ ልጄን በአጎቴ ስም ትጠራዋለች። እሱም «አቤት» ይላታል፤ ማረም ትቷል።

ልጆቹም አማርኛቸው ገና ነው። ግሥ ይሳሳታሉ፣ «ጸ»ን ከ«ጠ» ይቀላቅላሉ፣ ቃል ሲጠፋባቸው እንግሊዝኛ ይጨምራሉ። ግን ከእሷ አጠገብ ሲቀመጡ የሚሉት ነገር አላቸው። ስለ ሙልሙል፣ ስለ እንስራ፣ ስለ አንድ ዓይን ሰዎች ያወራሉ። ቃሉ ሲያልቅም እጃቸው ሥራ አለው፤ እሷ ምስር ስትለቅም አብረዋት ይለቅማሉ።

እንዴት ትጀምራላችሁ?

መስከረምን አትጠብቁ። የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ ፈልጉና ዛሬ የትኛው ወር እንደሆነ እዩ። ከዚያ ለአንድ ትልቅ ሰው ደውሉ፤ እናት፣ አጎት፣ የቤተሰብ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «በልጅነትዎ በዚህ ወር ምን ትሠሩ ነበር? ምንስ ትበሉ ነበር?» የሚነግሯችሁን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ በፊደል ቢሆን ይመረጣል፣ ስህተት ቢኖርበትም ግድ የለም። በመጪው እሑድ ከነገሯችሁ ነገር አንዱን ብቻ ሥሩ። ከዚያ መልሳችሁ ደውሉና እንዴት እንደሆነ ንገሯቸው። ሁለተኛው ስልክ ከመጀመሪያው ይረዝማል።

የዚህ ሳምንት ቃላት

ስንቅ፦ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ።
ድርቆሽ፦ ደርቆ የተቀመጠ እንጀራ።
ጭብጦ፦ ታሽቶ በእጅ የተጨበጠ በሶ።
እንስራ፦ ውሃ የሚቀዳበት የሸክላ ዕቃ።
ችቦ፦ ታስሮ የሚበራ የእንጨት ጭራሮ።
ኩፍ አለ፦ ሊጡ ተነፋ፣ ለመጋገር ደረሰ።
አስታመመ፦ የታመመን ሰው ተንከባከበ።
እደግ፣ እደጊ፦ ትልቅ ሰው ልጅን ሲመርቅ የሚለው ቃል።